ለኮርስ ብስክሌት የሚመች መሪ አመራረጥ

ባሕር ዳር ሜዳማ በመሆኗ ብስክሌት መንዳት እግርን ብዙም አያደክምም፤ እጅን ግን የሚፈትነው ሜዳው ራሱ ነው። የቤዛዊትን ኮረብታ የሚወጣ ሰው ቁጭ ብድግ ሲል ሳያስበው አጨባበጡን ይለዋውጣል። በሜዳው አስፋልት ለረጅም ሰዓት የሚነዳ ሰው ግን አንድ ቦታ እንደጨበጠ ስለሚቆይ፣ በመዳፉ ጠርዝ የሚያልፈው ነርቭ ይጫንና ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። ስለዚህ መሪ ሲመረጥ ከመልኩና ከክብደቱ በፊት መታየት ያለበት እጅን በስንት ቦታ በምቾት እንደሚያሳርፍ ነው።

መጀመሪያ ስፋቱን ይወስኑ። ቀጥ ብለው ይቁሙና በሁለቱ ትከሻዎችዎ ጫፍ ላይ ሲዳሰሱ በሚገኙት የአጥንት ጉብታዎች መካከል ያለውን ርቀት ሌላ ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካልዎ። ለመነሻ የሚሆነው ከዚህ ልኬት ጋር የሚቀራረብ መሪ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ገበያ ላይ የሚገኘው ከ38 እስከ 44 ሴንቲ ሜትር ያለው ነው። አንዳንዱ አምራች ከቱቦው መሐል እስከ መሐል፣ ሌላው ከውጭ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ስለሚለካና ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚደርስ፣ ሜትሩን ሱቅ ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። ከልክ በላይ የሰፋ መሪ ትከሻንና አንገትን ያደክማል፤ በባጃጆች መካከል ለማለፍም አይመችም።

ቀጥሎ መሪው ወደ ፊት የሚዘረጋበትንና ታጥፎ ወደ ታች የሚወርድበትን መጠን ይመልከቱ። ወገቡ እንደልብ ለማይታጠፍ ሰው ወደ ፊት ከ70 እስከ 80፣ ወደ ታች ከ120 እስከ 130 ሚሊ ሜትር የሆነው ይስማማዋል። በጣም ዝቅ ያለው መሪ ለእሽቅድምድም ያምራል፤ ነገር ግን ታችኛውን መጨበጫ የማይነካው ሰው አንዱን የእጅ ማሳረፊያ በከንቱ ገዝቷል ማለት ነው።

መሪው ከብስክሌቱ ጋር በሚታሰርበት መሐሉ ላይ ያለው ውፍረት በአዳዲሶቹ ብስክሌቶች ላይ በአብዛኛው 31.8፣ በቆዩት ላይ 26 ወይም 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የማይገጥመውን በጣሳ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ አደገኛ ነው፤ ከእነአካቴው አይሞክሩት።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ኮርቻውን ይፈትሹ። አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነት ወደ ፊት እየተንሸራተተ ክብደቱን እጅ ላይ ስለሚጥል፣ ጥፋቱ የመሪው ላይሆን ይችላል። አዲሱን መሪ ከገጠሙ በኋላም ብሎኖቹን በደንብ አጥብቀው ጥቂት ይንዱ፤ የመሪውን ዘንበልታና የፍሬኑን እጀታ ከፍታ እስኪስማማዎት ካስተካከሉ በኋላ የመጨበጫውን ጥቅልል ይጠቅልሉ፤ አስቀድሞ የተጠቀለለ እንደሆነ እጀታውን ባነሡ ቁጥር መፍታት ግድ ይሆናል።