የኮኮናቱን ሥዕል እለፉትና ጀርባውን አንብቡ

ሻምፑ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ስትገዙ «ከኮኮናት የተሠራ» የሚለው ብቻ አያሳምናችሁ። አረፋ የሚያወጣውና ቅባት የሚያነሳው ንጥረ ነገር ከኮኮናት መጣ ማለት ለቆዳ ይለሰልሳል ማለት አይደለም። የኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ የሚባል የቅባት አሲድ ነው። ከእሱ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ይሠራል፤ ይሄ ቆዳ ከሚያደርቁትና ከሚያስቆጡት አንዱ ነው። ከዚያው ዘይት ኮኮ ግሉኮሳይድም ይሠራል፤ እሱ ግን በጣም ለዘብ ያለ ነው። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ እሱን ምረጡ። አረፋው ትንሽ ቢሆን አትጨነቁ፣ አረፋ ስለበዛ የበለጠ ይጸዳል ማለት አይደለም።

ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን የሚለውንም ልብ በሉ፤ እሱም ከኮኮናት ዘይት የሚሠራ አረፋ አውጪ ነው። ለብዙ ሰው ይስማማል፣ የሕፃናት ሻምፑ ውስጥም ይገባል። አንዳንዱን ሰው ግን አለርጂ ያስነሳበታል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሲመረት አብረውት የሚቀሩ ቅሪቶች ናቸው።

የዐይን ሽፋናችሁ፣ አንገታችሁ ወይም ከጆሯችሁ ጀርባ እያሳከከ ካስቸገራችሁ ሻምፑውን ጠርጥሩ። ስትታጠቡ አረፋው የሚወርደው በዚያው በኩል ነው። ለሁለት ሦስት ሳምንት ቀይሩትና እዩት። ካልተሻላችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።