ትንታው ካለፈ በኋላ የማይለቅ ሳል፦ በሕፃናት የአየር ቧንቧ የቀረ ባዕድ ነገር

ትን ያለው ልጅ ድምፅ አውጥቶ የሚያስል ከሆነ ይሳል፤ ጣት አይክተቱበት፣ ውኃም አይጋቱት። መጮኽ ካቃተውና ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ጎንበስ አድርጎ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ ከ1 ዓመት በታች ያለውን ደረቱን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ሆዱን 5 ጊዜ መጫንና እያፈራረቁ መቀጠል ያስፈልጋል።

በሐዋሳ ደጋግመን የምናየው ግን ትንታው አልፎለት ደኅና መስሎ የከረመውን ልጅ ነው። ሳልና ሲርሲርታ ሲጀምረው በሳንባ ምች ስም አንቲባዮቲክ፣ በአስም ስም የሚነፋ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ሲወስድ ሻል ይለዋል፣ ሲጨርስ ያገረሽበታል። እንጥሉን ተቆርጦ የሚመጣም አለ፤ ይህ ከመድማትና ከማመርቀዝ በቀር የሚያተርፍለት ነገር የለም። አንድ ሳንባ ብቻ እየተመላለሰ ሲታመም ሦስተኛ አንቲባዮቲክ መጻፍ ሕክምና አይባልም።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ኦቾሎኒ፣ ቆሎ ወይም ሽምብራ ነው። ኦቾሎኒ በዘይቱ የቧንቧውን ግድግዳ ያስቆጣል፤ ሽምብራ ደግሞ እርጥበት ስቦ ያብጣል። ወደ ቀኝ ሳንባ የሚወስደው ቧንቧ ሰፋና ቀጥ ያለ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚገባው ወደዚያው ነው።

«ትን ብሎት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ለእናትየው ብቻ መቅረብ የለበትም፤ አብሮት የዋለው ሰው ይጠየቅ። በአስም ሲታከም ከርሞ የመጣ የሁለት ዓመት ልጅ እናት «በፍጹም» ብላ ስትመልስ፣ ከኋላዋ የቆመችው ታላቅ እኅቱ «ኦቾሎኒ እየበላ ስናሳስቀው አስሎት ነበር» አለች። በቀኙ በኩል የሚሰማው ትንፋሽ እጅግ ደካማ ነበር፤ ኤክስሬዩ ግን «ደኅና» ተብሎ ተጽፎበታል። የወጣው ግማሽ ኦቾሎኒ በመቆንጠጫው ጫፍ እስኪፈረካከስ ድረስ ርሶ ነበር። ጥራጥሬ በኤክስሬይ አይታይም፤ የሚታየው አየር ታፍኖበት የተነፋው ሳንባ ነው፣ እሱም ልጁ አየር ሲያስወጣ በተነሣ ፊልም ይበልጥ ይለያል። ትን ያለው ታሪክ ካለ ንጹሕ ኤክስሬይ ልጁን ወደ ቤት ለመመለስ ምክንያት አይሆንም።

መፍትሔው በሙሉ ሰመመን የማይተጣጠፍ ብሮንኮስኮፕ (የአየር ቧንቧን ውስጥ የሚያሳይ ቱቦ) በአፍ አስገብቶ ማውጣት ነው። ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ የሚላክ ልጅ ምግብ ሳይቀምስ፣ በተመቸው አቀማመጥ ይምጣ፤ ዘቅዝቆ ማራገፍ የተጣበቀውን ወደ ማንቁርት ሊያመጣውና ጨርሶ ሊዘጋው ይችላል።

የእስክሪፕቶ ክዳንና ስፒል አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ። ክብ የሰዓት ባትሪ ግን ሥጋ ስለሚያቃጥል ለነገ አይባልም። ኦቾሎኒ ለሁለት የሚከፈል በመሆኑ አንደኛው ክፋይ ከወጣ በኋላ የሁለቱም ሳንባዎች ቧንቧ ዳግመኛ ሳይታይ ልጁ ከሰመመኑ አይነቃም።