ከኮቪድ በኋላ ድካሙ አልለቅ ላላችሁ

ኮቪድ ከያዛችሁ ሦስት ወር አልፎም ድካሙና የሐሳብ መበታተኑ አልሄድ ካለ «ስፖርት ሠርቼ አባርረዋለሁ» አትበሉ። እኔ ሞክሬው አልጋ ላይ ጥሎኛል።

ተንኮሉ ምን መሰላችሁ? ድካሙ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይመጣም። ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚጥለው። ቅዳሜ ቤት ስታጸዱ ትውላላችሁ፣ ደህና ናችሁ። ሰኞ ጠዋት መነሳት ያቅታል።

ስለዚህ የሠራችሁትንና የተሰማችሁን በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አቅማችሁ እስከ የት እንደሆነ መታየት ይጀምራል። ከዚያ ሳይደክማችሁ በፊት ማረፍ ነው። ሽንኩርት ተቀምጦም ይከተፋል! ልብሱም በአንድ ቀን ካልታጠበ አይባልም።

የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ደብተሩን ትታችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱ።