ለሃይስኩል ተማሪ ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን የመያዣ መንገድ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪውን የሚያደናቅፈው ግን «ክሎሮፕላስት» አይደለም፤ እሱን መምህሩ ሥዕል ሥሎ ያስረዳዋል። የሚያስቸግሩት ማንም የማያብራራቸው «ዲራይቭ»፣ «አሲዩም»፣ «ኮንስቲትዩት» ናቸው። በየትምህርቱ ይመጣሉ፣ የፈተናው ጥያቄ ራሱም በእነሱ ይጻፋል።

ስለዚህ ቃል የምትመርጡት ከዚህ ጎራ ነው። የቋንቋ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ከትምህርታዊ ጽሑፎች ለቅማ ያወጣችው «አካዳሚክ ወርድ ሊስት» 570 የቃል ቤተሰቦችን (አንድ ቃል ከነዘመዶቹ) ይዟል፤ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከብዙ ተደጋጋሚው ወደ ጥቂቱ በ10 ስለተከፈለ ከ1ኛው ጀምሩ። በቀን 6 ቃል፣ በሳምንት 5 ቀን ብትይዙ በ19 ሳምንት ያልቃል። በቀን 30 ቃል የሚጀምር ሰው ቶሎ ይተወዋል፤ የሚከብደው አዲሱን መያዝ ሳይሆን የተጠራቀመውን መከለስ ነውና።

ቀጥሎ ካርድ ይዘጋጃል። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ቢታጠፍ 8 ካርድ ይወጣዋል። ፊት ለፊት ቃሉን ሳይሆን ቃሉ የጎደለበትን ዓረፍተ ነገር ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ገልብጡ። ጀርባው ላይ ቃሉ፣ ዘመዶቹ፣ አብረውት የሚሄዱት ቃላት፣ በመጨረሻ የአማርኛ ፍቺው ይሰፍራል።

«ኮንዳክት»ን እንውሰድ። ፊዚክስ ላይ መዳብ ኤሌክትሪክ «ኮንዳክት» ሲያደርግ ያስተላልፋል ማለት ነው። ተመራማሪ ጥናት «ኮንዳክት» ሲያደርግ ግን ያካሂዳል። ስም ሲሆን ደግሞ ጠባይ፣ ሥነ ምግባር ይሆናል፤ ያኔ አነባበቡም ይለያል። ስሙ ላይ ድምፃችን የሚበረታው በመጀመሪያው ክፍል፣ ግሱ ላይ በሁለተኛው ነው። «ኮንዳክት ማለት ማስተላለፍ» ብሎ የሸመደደ ተማሪ ጥናቱን ማን ለማን እንዳስተላለፈ ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል።

አነባበብን በፊደል መጻፍ ለዚህ ጽሑፍ እንጂ ለካርዳችሁ አይሆንም። «ኮንስትራክት» እና «ዲስትራክት» በእኛ ፊደል መጨረሻቸው አንድ ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን አጻጻፋቸውም ሥራቸውም ይለያያል፤ አንዱ ከመገንባት፣ ሌላው ከመጎተት የመጣ ነው። ሥር መፈለግ መቼም ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይደለም፦ ጻፈ፣ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጻፊያ። «ስፔክት» ማየት መሆኑን ያወቀ «ኢንስፔክት»ን፣ «ስፔክቴተር»ን፣ «ሪትሮስፔክት»ን ይጠጋቸዋል። ሆኖም ሥር ፍንጭ ብቻ ነው። «ኢን» ሁሌ ያፈርሳል ብሎ «ኢንቫልዩብል»ን ዋጋ ቢስ ያለ ሰው በተቃራኒው ነው የተረዳው፤ ትርጉሙ ዋጋ የማይተመንለት ነው።

ለክለሳ 3 ፖስታ ይበቃል። አዲስ ካርድ 1ኛው ውስጥ ገብቶ በየቀኑ ይታያል። ከተመለሰ ወደ 2ኛው ያልፍና በየ3 ቀኑ፣ ቀጥሎም ወደ 3ኛው ገብቶ በሳምንት አንዴ ይታያል። የሳታችሁት ካርድ ከየትኛውም ፖስታ ይውጣ ወደ 1ኛው ይመለሳል። ካርዱን ሳትገለብጡ መልሱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ገልብጦ አይቶ «እንዲያውም አውቀው ነበር» ማለት አይቆጠርም። በስልክ ማጥናት ለሚቀለው «አንኪ» የተባለው መተግበሪያ ቀጠሮውን ራሱ ይይዛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳምንቱ ቃላት 8ቱን እያስገባችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ። አማርኛችን ሾልኮ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንቀጥላለን፤ እንግሊዝኛው ግን «ዲስከስድ ዘ ኢሹ» ብሎ ያቆማል። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ደግሞ «ማሪድ ዊዝ ኸር» ይሆንብናል፤ ትክክሉ ያለ መስተዋድድ «ማሪድ ኸር» ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ስታገኙ ትክክለኛውን አጻጻፍ በቀይ እስክሪብቶ ካርዱ ጀርባ ላይ ጨምሩና ካርዱን ወደ 1ኛው ፖስታ መልሱት።