በጎጃም መንገዶች ለሚነዳ ሰው፦ ጭሱ ያነሰ መኪና አመራረጥ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3፣ ናፍጣ ደግሞ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ የናፍጣው ጥላሸት በተጨማሪ ሳንባ ይጎዳል። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ገዢው የሚያማርጠው በአብዛኛው ከኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል ነው፤ ኤሌክትሪካችንም በብዛት እንደ ጣና በለስ ካሉ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ስለሚገኝ፣ ጭሱ ከመንገድ ተነሥቶ ወደ ማመንጫው አልተዛወረም።

ከመግዛትዎ በፊት መኪናው አንዴ ተሞልቶ የሚሄደውን ርቀት ይጠይቁ። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ሻጩ የሚነግርዎትን ቁጥር ለዳገቱ፣ ለጭነቱና ለባትሪው ዕድሜ ሲሉ ቀነስ አድርገው ይያዙት። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ስለዚህ ደጀን ላይ ጢም አድርጎ መሙላት አይመከርም፤ የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል መቀበል ስለማይችል ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃልና። ሆኖም ከድልድዩ ማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደው ዳገት ኃይል በላተኛ ነው፤ ለእሱ የሚበቃ ይያዙ።

ያገለገለ መኪና ከሆነ የባትሪውን አቅም በመሣሪያ ያስፈትሹ። የናፍጣ መኪናዎን ገና መቀየር ካልቻሉ (ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን) የአየር ማጣሪያውን በጊዜው ይለውጡ፤ ጥቁር ጭስ ሲያዩም ውሎ ሳያድር ጋራዥ ያስገቡት።