በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ስም ጠይቁ

መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ዋጋው ካስደነገጣችሁ፣ ማዘዣውን አጥፋችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ማሸጊያውን አገላብጡ። በትልቁ የተጻፈው አምራቹ ያወጣለት የንግድ ስም ነው። የመድኃኒቱ የራሱ (ሳይንሳዊ) ስም ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ይገኛል። ለደም ግፊት የሚታዘዘው «ኖርቫስክ» ለምሳሌ፣ ከሥሩ «አምሎዲፒን» የሚል አለው። ስለዚህ «አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ የሌላ ፋብሪካ፣ ረከስ ያለ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተጠየቁ በስተቀር ርካሹን ከመደርደሪያ የማያወርዱ ብዙ ናቸው።

የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከስሙ ነው። መጀመሪያ የሠራው ኩባንያ የምርምርና የማስታወቂያ ወጪውን ዋጋው ላይ ይጭናል፤ የባለቤትነት መብቱ ዘመን ሲያልፍ ሌሎችም ያንኑ ንጥረ ነገር በዚያው መጠን ያመርታሉ። ስታወዳድሩ ግን የፓኮውን ሳይሆን የአንዷን ፍሬ ዋጋ አስሉ፤ አንዱ ፓኮ 30 ፍሬ፣ ሌላው 28 ወይም 10 ሊይዝ ይችላል። አዲስ አበባ ያላችሁ የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችንም ጠይቁ። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ ገና ከሐኪሙ ፊት ሳላችሁ «በሳይንሳዊ ስሙ ይጻፉልኝ» ማለት ነው። ሐኪም የመድኃኒቱን ዋጋ ያውቃል ብላችሁ አታስቡ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ዋርፋሪን (የደም መርጋት መከላከያ) ወይም የታይሮይድ እንክብል የምትወስዱ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አምራች አትቀይሩ፤ በእነዚህ ላይ ትንሽ የመጠን መዛባት እንኳ ችግር ታመጣለች። ቀስ እያለ የሚሟሟውን ዓይነትም በተራው እንክብል አትተኩ።