ለቤታችሁ ሶላር ስታስገቡ፦ ከቆጣሪው ጀምሩ፣ ጣሪያው ይደርሳል

ድሮ የመብራት ሂሳብ የሚያስጨንቀው ሰው ጥቂት ነበር። እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ለማይበልጥ ቤት የአንዱ ዋጋ 27 ሳንቲም ነበር። ከ500 በላይ ለሚያቃጥለውም ቢሆን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ከመስከረም 2017 ወዲህ ግን ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተደርጓል። ካርድ የሚሞላ ሰው ይህን ለማወቅ ዜና መስማት አያስፈልገውም፣ የሞላው ብር ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ያየዋል።

ስለዚህ «ሶላር ባስገባስ?» የሚለው በዝቷል። መልሴ «ያዋጣል፣ ግን ሁሉንም ነገር ሶላር ላይ ካልጫናችሁ» ነው። ሻጮች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ኪሎዋት ይሁንላችሁ?» ብለው ነው። እሱን ጥያቄ መመለስ ያለባችሁ እናንተ ሳትሆኑ ቆጣሪያችሁ ነው።

1. ቆጣሪውን አንብቡ

ብሩን እርሱት። የምትፈልጉት ኪሎዋት ሰዓቱን ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ጠቅላላ ፍጆታውን ጻፉ፣ ጠዋት እንደገና ጻፉ፣ ማታም እንዲሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል እንዲህ አድርጉ፤ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ውስጡ መኖሩን እርግጠኛ ሁኑ። የሌሊቱ ቁጥር ለባትሪ፣ የቀኑ ለፓኔል ይጠቅማችኋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካላችሁ ቆጣሪው የእናንተው መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ ቆጣሪው ላይ የሚርገበገበው ቀይ መብራት ካልቆመ የሰው ቆጣሪ እያነበባችሁ ነው፣ ወይም ከመስመራችሁ ላይ የተቀጠለ ሰው አለ።

2. ሙቀት የሚያወጣውን ለብቻ አውጡ

ዕቃዎቻችሁን ለሁለት ክፈሉ። ሙቀት የሚሠሩት ባንድ በኩል ናቸው፦ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ቦይለር፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ። ሌላው ሁሉ በሌላ በኩል። ሶላር የሚያዋጣው ለሁለተኛው ወገን ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። ለአንድ ተራ ቤት፦ ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት ቢበራ 270 ዋት ሰዓት ነው። ቴሌቪዥን 80 ዋት ለ5 ሰዓት፣ 400። ዋይፋይ 10 ዋት ቀኑን ሙሉ፣ 240። ላፕቶፕ 60 ዋት ለ6 ሰዓት፣ 360። ፍሪጅ ላይ የተጻፈው 150 ዋት ቢሆንም ሞተሩ እየቆመ እየተነሳ ስለሚሠራ በቀን 1,300 አካባቢ ብንይዝለት ይበቃል። ተደምሮ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይመጣል።

አሁን ምጣዱን እዩት። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ከሩብ ይበላል። በአንድ መጋገር፣ ቤቱ በሙሉ በቀን ከሚጠቀመው እጥፍ! ይህን ከባትሪ ለማውጣት የምትገዙት ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውንና የፓኔሉን መብራት ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው) ዋጋው ሌላ ነው። «ምጣድ የሚችል ሶላር» የሚላችሁ ሻጭ አልዋሸም፣ ይችላል፤ የሚከፍለው ግን እሱ አይደለም።

ምጣዱን ከመብራት ኃይል መስመር ላይ ተዉትና አጋገሩን አስተካክሉ። ሸክላው እስኪግል የሚበላው መብራት እንጀራ አይወጣበትም፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንዴ ብዙ መጋገር ይሻላል። መጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍታችሁ በያዘው ግለት ማውጣት እንደሚቻል እናቶቻችን ያውቁታል። ቦይለሩን ደግሞ ቀኑን ሙሉ አታብሩት፣ ከመታጠባችሁ በፊት ይበቃዋል። ለሙቅ ውሃ ፀሐይ ከፈለጋችሁ ውሃውን በቀጥታ የሚያሞቀው ሶላር ቦይለር ይሻላል፤ በፓኔል መብራት አምርቶ በዚያ ውሃ ማሞቅ ዙሪያ ጥምጥም ነው። አምፖል ገና ያልቀየረ ሰው ካለ ዛሬውኑ ወደ ኤልኢዲ ይቀይር።

3. ባትሪ

ከማታ እስከ ጠዋት የሚያስፈልጋችሁን ያዙ። ከላይ ባለው ቤት አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የዋይፋዩና የፍሪጁ የሌሊት ድርሻ ተደምሮ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። እዚህ ላይ ሁሉም የሚረሳው ነገር አለ፤ ኢንቨርተሩ ራሱ ይበላል። ምንም ሳይጫንበት፣ ዝም ብሎ በርቶ ብቻ፣ 40 ዋት አካባቢ የሚስብ ብዙ ነው። ለ14 ሰዓት ሲሆን ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በላይ። ስለዚህ 2 ብላችሁ ያዙ።

ባለ 24 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፣ አብዛኛውን መጠቀም ይቻላል። በጄል (በሊድ ባትሪ) ከሄዳችሁ ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ያስፈልጋል፤ በወረቀት 4.8 ነው፣ ግን ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራል። መግዣው ላይ ጄሉ ርካሽ ይመስላል። መብራት ሲጠፋ ብቻ ከሆነ የምትጠቀሙበት እሺ፣ በየማታው ለመጠቀም ግን ሊቲየም ግዙ። ያገለገለ ባትሪ በጭራሽ አትግዙ፣ ምንም ያህል ቢረክስ።

4. ኢንቨርተርና ፓኔል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው

የፓኔሉ ብዛት ቀላል ነው። ለቤቱ 2.6፣ ለኢንቨርተሩ ሌላ 1፣ ማለትም በቀን 3.6 ኪሎዋት ሰዓት። ጥሩ የፀሐይ ሰዓት 4 ብለን፣ የሚባክነውን ሩብ ቀንሰን ስናሰላ 1.2 ኪሎዋት ፓኔል ይመጣል። ሁለት ባለ 550 ዋት ይጠጋዋል። በጋ ላይ ይተርፋችኋል። ሐምሌና ነሐሴ ያጥራችኋል፣ ያኔ የጎደለውን መብራት ኃይል ይሞላል። ለክረምቱ ብላችሁ ፓኔል አትጨምሩ።

የሚከብደው ሁለቱን ማጋባት ነው። ኢንቨርተሩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። «5 ኪሎዋት» የሚለውን ትልቁን ጽሑፍ ሳይሆን ከታች በትንሹ የተጻፈውን የፓኔል ቮልቴጅ። እዚያ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ሥራ የሚጀምርበት ዝቅተኛው፣ ሌላው ሊያልፍ የማይገባው ከፍተኛው።

አንድ ጎረቤቴ ይህን ባለማየት ብዙ ተንከራትቷል። ሁለት ፓኔል፣ አንድ ትልቅ ኢንቨርተር ገዛ፣ ተገጠመ፣ ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል፣ ኢንቨርተሩ ግን የፀሐይ ምልክቱን ማብራት እንቢ አለ። ኢንቨርተሩን የሸጠው «ፓኔሉ ነው» አለ፣ ፓኔሉን የሸጠው «ኢንቨርተሩ ነው» አለ። ሁለቱም ዕቃ ጤነኛ ነበር። ኢንቨርተሩ ሥራ የሚጀምረው ከ120 ቮልት ሲሆን፣ ባለ 550 ዋት ፓኔል ሲሠራ የሚሰጠው 41 ወይም 42 ቮልት ነው፤ ሁለቱ በተከታታይ ቢቀጠሉ 83 አካባቢ። 120 እንዴት ይድረስ? መፍትሔው ሌሎች ሁለት ፓኔሎች መጨመር ሆነ፣ ያላሰበው ወጪ።

ተቃራኒው ይብሳል። ከፍተኛው 145 ቮልት የሆነ ኢንቨርተር አለ። ፓኔል ምንም ሳይጫንበት የሚያሳየው ቮልቴጅ 49.5 አካባቢ ነው። ሁለቱ 99፣ ሰላም ነው። ሦስቱን በተከታታይ ከቀጠላችሁ 148.5 ይሆንና ኢንቨርተሩ ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ የተቃጠለን ዋስትና አይሸፍንም። ደግሞ ፓኔል ሲበርደው ቮልቴጁ ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በ25 ዲግሪ የተለካ ነው፤ የታኅሣሥ ጠዋት የአዲስ አበባ ብርድ ላይ አምስት ከመቶ ያህል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከገደቡ ላይ ሁልጊዜ ቢያንስ አሥር ከመቶ ተዉ።

ለሁለት ፓኔል የሚሆናችሁ ገደቡ 145 የሆነው ባለ 24 ቮልት፣ 3 ኪሎዋት ሃይብሪድ (ከፀሐይም፣ ከባትሪም፣ ከመብራት ኃይልም የሚሠራ ኢንቨርተር) ነው። ፍሪጁ ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበውን ብዙ እጥፍም ይችላል። ሱቅ ስትሄዱ የፓኔሉን ወረቀት በስልካችሁ አንስታችሁ ከኢንቨርተሩ ወረቀት ጋር እዚያው አስተያዩ። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

5. ጣሪያው

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጣሪያው የጋራ ነው፣ ከኮሚቴው ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። የራስ ግቢ ከሆነ ቆርቆሮው ላይ የሚመታው ብሎን ጉብታው ላይ ይሁን፣ ጎድጓዳው ላይ ከሆነ በክረምት ያፈሳል። ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ፓኔሉን ከቆርቆሮው ከፍ አድርጉት። ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል በሉት። ክረምት ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ግን ያኔ ደመናው ስለሚበዛ ለጠራው ወቅት ማድላት ይሻላል። መዘንበሉ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብም ይረዳል።

ዋናው ጠላት ሮቶ ነው። የውሃ ታንከር ወይም የዲሽ ጥላ የፓኔሉን አንድ ጥግ ብቻ ቢሸፍን፣ በተከታታይ ስለተቀጠሉ የሁሉም ምርት ይወርዳል። ከመግጠማችሁ በፊት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ቀትርና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ጣሪያው ላይ ጥላው የት እንደሚደርስ እዩ።

6. ገመድና ብሬከር

ይህን ለኤሌክትሪሺያን ስጡት፣ ግን አጠገቡ ቁሙ። ሦስት ነገር ጠይቁት። ከፓኔልና ከባትሪ የሚመጣው መስመር ላይ የዲሲ (ፓኔልና ባትሪ ለሚሰጡት ቀጥተኛ መብራት የተሠራ) ብሬከር ይግባ፤ የቤቱ ተራ ብሬከር ዲሲ ላይ ሲቆርጥ ብልጭታው አይጠፋለትም፣ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። የባትሪው ገመድ ወፍራምና አጭር ይሁን፤ በ24 ቮልት 2,000 ዋት ሲሳብ ከ80 አምፒር በላይ ይሄዳል። የፓኔሉ ፍሬምና የኢንቨርተሩ አካል ደግሞ መሬት ይታሰር።

ምጣድና ቦይለር ብዙ ጊዜ የራሳቸው ብሬከር ስላላቸው እነሱን ባሉበት ትቶ፣ የአምፖልና የሶኬት መስመሮችን ብቻ ወደ ኢንቨርተሩ ያዛውር። ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን ማንም እንዳይነካ። የኢንቨርተርን መውጫ በሁለት ወገን ወንድ ሶኬት ግድግዳ ላይ ሰክቶ ቤቱን ማብራት የሚባል «ብልሃት» ሰምታችሁ ከሆነ እርሱት፤ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊሞትበት ይችላል።

7. ሴቲንጉን ካልቀየራችሁ ሂሳቡ አይቀንስም

ገጣሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ኢንቨርተሩን ከፋብሪካ እንደመጣ ይተዉታል። እንደመጣ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመብራት ኃይል ነው። ፓኔሉ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ባትሪው ሞልቶ ይቀመጣል፣ ቆጣሪው እንደ ድሮው ይቆጥራል። ከዚያ ሰው «ሶላር ውሸት ነው» ይላል።

በብዙዎቹ ሃይብሪዶች ላይ ሴቲንግ ቁጥር 01 ይህ ነው። «ኤስቢዩ» ላይ አድርጉት፦ መጀመሪያ ፀሐይ፣ ቀጥሎ ባትሪ፣ መጨረሻ መብራት ኃይል ማለት ነው። ቁጥር 05 የባትሪውን ዓይነት ይጠይቃል፤ ሊቲየም ገዝታችሁ የጄል ላይ ከተዋችሁት በትክክል አይሞላም። ቁጥር 16 ባትሪው ከምን ይሞላ የሚለው ነው፤ ፀሐይ ይቅደም በሉት። መብራት ብዙ የሚጠፋበት ሰፈር ካላችሁ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ወደ መብራት ኃይል እንዲመለስ መመለሻውን ከፍ አድርጉት። ቁጥሮቹ በእናንተ ሞዴል ሊለዩ ስለሚችሉ መመሪያውን ከካርቶኑ አትጣሉ።

8. ያዋጣል ወይ?

በቀን 2.6 ማለት በወር 78 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን ከወር ፍጆታችሁ ቀንሱና የት እንደምትወርዱ እዩ። የታሪፉ እርከኖች 50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400፣ 500 ላይ ይቆረጣሉ፣ ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወደዳል። 250 ይጠቀም የነበረ ቤት ወደ 172 ይወርዳል፤ ከ200 በታች ሲሆን ተጨማሪ እሴት ታክስም አይነካውም። 90 ይጠቀም የነበረ ቤት ግን የሚቆጥበው ርካሹን መብራት ስለሆነ፣ ለሂሳብ ብሎ ሶላር ባያስገባ እመክረዋለሁ። እሱ አምፖሉን ቀይሮ አጋገሩን ቢያስተካክል ይበቃዋል።

የሶላሩን ጠቅላላ ወጪ በወር ለምትቆጥቡት ብር አካፍሉ። የሚመጣው የወራት ቁጥር ከባትሪው ዋስትና ከበለጠ በሂሳብ ብቻ አያዋጣም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የምታስነሱ ከሆነ ግን የቤንዚኑን ወጪ ደምሩበት፣ ያኔ መልሱ ይለወጣል። ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ፣ ፀጉር ቤት ወይም ትንሽ ሱቅ ያላቸው የሚያተርፉት በዚህ በኩል ነው።

9. ከዚያ በኋላ

በበጋ በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ ፓኔሉን በውሃና በጨርቅ እጠቡት፣ ጠዋት በማለዳ፣ ሳይግል። ኦሞ አያስፈልግም። መጀመሪያው ወር ካለቀ በኋላ የባትሪውን ገመድ ብሎኖች ኤሌክትሪሺያኑ እንደገና ያጥብቃቸው፤ የላላ ብሎን ይግላል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። የባትሪውንና የኢንቨርተሩን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ፣ ዋስትና ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።